ለእንግዶቹ የጠፋው ቆሻሻ

ከዓለም ባንክ ሰፈር በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ቆሻሻ በመለየት የሚተዳደሩ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት አስተባባሪ ያወራሉ።

«እትዬ፣ እንግዶቹ ነገ ይገባሉ። ከየአገሩ የሚመጡት የከተማ ባለሙያዎች ቆሻሻ እንዴት እንደምትለዩ ከእናንተ ሊማሩ ነው። እንዲህ ያለ ዝግጅት ሳስተባብር የመጀመሪያዬ ነው፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«እኛስ መች ተኛን? የምንለይበትን ግቢ አጥበን ቄጠማ ጎዝጉዘናል።»

«ቆሻሻውስ?»

«አስጭነን አስወጣነው። እንግዳ በቆሻሻ ይቀበላሉ እንዴ?»

«እትዬ፣ የሚመጡት እኮ እሱን ሊያዩ ነው። ምን ላሳያቸው ነው?»

«አይዞሽ ልጄ፣ ስንወርድ አብረውኝ የሚሠሩትን ሴቶች እጠራና ሰፈሩን እንዞራለን።»

«ምን ብለን?»

«እንግዳ ሊመጣብን ነውና ቆሻሻ አበድሩን ብለን።»

«እኔም አብሬ አንኳኳለሁ።»

እኔ ቆሻሻ ስለቅም ውዬ ከቆሼ ስመለስ አፍንጫቸውን ይይዙ የነበሩት ጎረቤቶቼ በየበራቸው ቆመው ቆሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ሲሰጡ ታዩኝና፣ ሳቄ እንዳይታይብኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።