ናርዶስ አትሞትም

(ደሴ፣ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ ውስጥ። የወጣቶች የጤና ድራማ ደራሲው ጋሽ መርዕድ እና ናርዶስ የተባለችውን ልጅ ሆና የምትጫወተው ፍሬሕይወት፤ ቀረጻ ሊጀመር ነው።)

ፍሬሕይወት፦ አልሞትም ጋሽ መርዕድ። ሌላ ሰው ይፈልጉ።

መርዕድ፦ አገር ምድሩ ድምፅሽን ለምዶት፣ በመጨረሻው ክፍል ሌላ ሰው? ደግሞ የምትሞቺው አንቺ አይደለሽም፤ ናርዶስ ናት።

ፍሬሕይወት፦ ናርዶስን ከየት እንዳመጧት እናውቃለን። የጻፉት እህቴን እመቤትን ነው። አሳሳቋን ሳይቀር የነገርኩዎት እኔ ነኝ።

መርዕድ፦ ፈቅደሽልኝ ነዋ የጻፍኩት።

ፍሬሕይወት፦ የፈቀድኩት እንድትናገር ነው፤ ደግመው እንዲቀብሯት አይደለም።

መርዕድ፦ ስሚኝማ። ወጣቱ ካልደነገጠ አይመረመርም። ናርዶስ ኤች አይ ቪ እንዳለባት ደብቃ፣ መድኃኒቷን አቋርጣ ስትሞት የሰማች ልጅ በማግስቱ ክሊኒክ ትሄዳለች።

ፍሬሕይወት፦ አትሄድም። እመቤትን የገደላት እኮ ድንጋጤ ነው። ጎረቤት እንዳያያት ኮምቦልቻ ድረስ እየሄደች ነበር መድኃኒቱን የምትወስደው። አንድ ቀን እዚያም የሰፈራችንን ሰው አየች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ክሊኒኩ አልተመለሰችም። ለቅሶ ለመጣው ሁሉ "ሳንባዋን ነው" አልን። እማዬ ዛሬም እንደዚያው ነው የምትለው።

መርዕድ፦ እናትሽ ድራማውን ይሰማሉ እንዴ?

ፍሬሕይወት፦ እኔ አልነገርኳትም። የእኔና የእመቤት ድምፅ አንድ ነው፤ ስልክ ሳነሳ አባቴ እንኳ ይሳሳት ነበር። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ድራማው እየተላለፈ ቤት ስገባ ሬዲዮኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አገኘኋት። "እማዬ" ስላት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ዝም በይ አለችኝ። የምታዳምጠው እኔን አይደለም ጋሽ መርዕድ።

መርዕድ፦ ኧረ በማርያም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ፍሬሕይወት፦ እኔስ? ከዚያ ወዲህ ማይክ ፊት መቀመጥ እፈራለሁ። አንዳንዴ የምስቀው ሳቅ የእኔ አይመስለኝም።

መርዕድ፦ እንግዲያው ቶሎ ብንጨርሰው ነው የሚሻለው። የሞተች ልጅ ድምፅ በየሳምንቱ እየሰሙ መኖር ለእናትሽም አይበጅም።

ፍሬሕይወት፦ ባለፈው ክፍል ናርዶስ መድኃኒቷን ትራሷ ስር ደብቃ ስታለቅስ አልነበር? እማዬ ሬዲዮኑን እቅፍ አድርጋ ምን እንዳለች ያውቃሉ?

መርዕድ፦ ምን አሉ?

ፍሬሕይወት፦ "ተነሺ ልጄ፤ ነጠላዬን ልልበስና አብረን እንሂድ። ሰው ቢያየን ይየን።"