ፋናዬ ያላወቀችው ብር

ሰው ራሱን አዋቂ ባደረገ ቀን አስተማሪ አያጣም ይባላል፤ ማን እንዳለው ባላውቅም በእኔ ደርሷል። ምናለ እባላለሁ፤ ፍኖተ ሰላም መምህር ነኝ። በ፳፻፩ ዓ.ም. በጥር ወር ከቡሬ ስመለስ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ማንኩሳ ሳይደርስ ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ «አምስት ደቂቃ ናት» አለ። ረዳት አምስት ደቂቃ ካለ ምሳን መርሳት ነው። ወርጄ ከአንድ ብሳና ጥላ ሥር አረፍ አልሁ።

ከጎኔ ከዚያው አውቶቡስ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ስማቸው አያ መልካሙ ነው፤ ቤታቸውም ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። እጃቸው ከጋቢያቸው ጫፍ አልለይ ስላለ፣ ነገር መጎርጎር ልማዴ ነውና ዝም ማለት አልቻልሁም።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ሌባ ብሆን ኖሮ ገንዘብዎ የት እንዳለ እጅዎ ነግሮኛል» አልኋቸው።

ከት ብለው ሳቁ። «የበርበሬ ዋጋ ናት ልጄ። ዘንድሮ ቡሬ ላይ በርበሬ ቀንቶታል።»

«ታዲያ እዚያው ቡሬ ባንክ አለ አይደለም? ለምን አላስገቡትም?»

«አንተ ደመወዝህን የት ታደርጋለህ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «ባንክ ነዋ! ከእኔ ቤት አንዲት ብር አታድርም። ቤት ያለ ገንዘብ ሌባ ይወስደዋል፣ አይጥ ይበላዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል። ከዚህ ሁሉ ቢተርፍ እንኳ ባለቤቱ ያለ ቁም ነገር ያባክነዋል» አልሁ።

«መልካም። እሑድ ማለዳ ባለቤትህን ቢያማትስ? ከባንኩ በር ቆመህ ‹ቤቶች› ትላለህ?»

«ያን ጊዜማ ከጎረቤት እበደራለሁ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ልትበደር ነው?»

እውነቱን ልናገር፤ ባለቤቴ እህተ ማርያም ይህንኑ ደጋግማ ነግራኛለች። ከእሷ ሲመጣ ግን ጭቅጭቅ እንጂ ምክር አይመስለኝም ነበር።

«ለክፉ ቀን የምትሆን ብር ከቤት አትለይም። እኛን አባቶቻችን እንዲህ ብለው ነው ያሳደጉን» አሉ አያ መልካሙ፣ እንደ ረታ ተሟጋች ዱላቸውን መሬት እየመቱ።

«ተረታሁ። ግን ባለቤትዎስ ብሩ የት እንዳለ ያውቃሉ?»

እጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጋቢያቸው ጫፍ ወረደ።

«ፋናዬ ካረፈች ሰባት ዓመቷ» አሉ።

«ነፍስ ይማር። አላወቅሁም አያ።»

«አንተ በምን ታውቃለህ! የዚያን ጊዜ በሬ ልገዛ ሽንዲ ሄጃለሁ። በሁለተኛው ቀን ሆዷን ቆርጦ ያዛት። ጎረቤት በቃሬዛ አድርጎ ከዚህ ከመንገዱ አወጣት። አንድ መኪና ተገኘ፤ ባለመኪናው ግን ገንዘብ ሳልይዝ አላንቀሳቅስም አለ። ‹ፋናዬ፣ መልካሙ ብር የት ያስቀምጣል?› አሏት። ‹እኔ ምኑን አውቄ› አለች። ከየቤቱ አምስትም አሥርም ብር እስኪለቀም ፀሐይ ገባ። ፍኖተ ሰላም ሳትደርስ ዐረፈች። እኔ በማግስቱ ሁለት በሬ እየነዳሁ ስመጣ ግቢዬ ሰው ሞልቷል። ሠርግ መሰለኝ አልልህም፤ ገና ከሩቅ ሳየው አውቄዋለሁ።»

«ብሩስ የት ነበር?»

«ከወፍጮው መደብ ሥር። ስምንት መቶ ብር። ጠዋት ጠዋት ተንበርክካ የምትፈጭበት ወፍጮ ነው ልጄ። ከጉልበቷ ሥር ነበረ።»

 ከወዲያ ረዳቱ ጎማውን እየቀጠቀጠ ይሳደባል። እሳቸው ግን አንዴ ከተከፈተላቸው ማቆም አልቻሉም።

«አሁን በሞተር ነው የሚፈጨው፤ ወፍጮው ዝም ብሏል። ጎህ ሲቀድ ድምፁ ይናፍቀኛል። ስታንጎራጉር አፏን ገጥማ ነበር። ምን እንደምትል አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።»

«ያን ብርስ ምን አደረጉት?»

«እዚያው ነው። እንዴት አድርጌ ልብላው?»

ለሐዘን የተቀመጠ ገንዘብ እንዳለ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም፤ ማንንም አላዳነም።

«አያ፣ አሁን ቤት ማን አለ?»

«የልጄ የሐብቴ ሚስት፣ ያምሮት አለች። ሐብቴ ለማሽላ አጨዳ መተማ ወርዷል። እሷ ስምንት ወሯ ነው። እኔም በመጪው ሳምንት ስለ ፋናዬ ነፍስ ግሽ ዓባይ ልሳለም እሄዳለሁ፤ አንድ ሳምንት ብቆይ ነው።»

«ያምሮትስ ብሩ የት እንዳለ ታውቃለች?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሴት ያመነ ጉም የዘገነ ሲባል አልሰማህም?»

«ፋናዬንም አያምኗት ነበር?»

«ከነፍሴ አስበልጬ ነው የማምናት!» ብለው ጮኹ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

 ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባቴም ለእናቴ አልነገረም። ወንድ የብሩን ቦታ ከተናገረ ቤቱ ተፈታ ይባል ነበር። ደብቄያትም አይደለም፤ መንገሩ ጨርሶ አልታሰበኝም» አሉ።

«አያ መልካሙ፣ ለክፉ ቀን ብር ቤት ማኖርዎ ልክ ነው፤ ዛሬ ከእርስዎ ተማርሁ። ግን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ብር ያ ሰው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። እርስዎ ግሽ ዓባይ ሲሄዱ ለያምሮት ብሩም ግሽ ዓባይ ሄደ ማለት ነው። ስምንት መቶውን አልበላም ካሉ አይብሉት፤ ሰው ያድኑበት።»

 ዱላቸውን ይዘው ተነሡና፣ «መኪናው ገና ነው፤ ና ቤት እንሂድ» አሉኝ።

ያምሮት ከደጅ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። እንግዳ ስታይ ልትነሣ ሞከረች፤ ሆዷ ከብዷታል። «ተነሺስ ልጄ፤ ግን ለእንግዳው አይደለም፤ ተከተይኝ» አሏት። ከወፍጮው ዘንድ ተንበርክከው የመደቡን ጭቃ በማጭድ ፈለፈሉት። በጨርቅ የተጠቀለለውን ብር አውጥተው ለያምሮት ሰጧት።

«እኔ ምን ላድርገው አባባ?» አለች፤ እንደ ጠበል ጽዋ በሁለት እጇ ይዛ።

«አስቀምጪው። ክፉ ቀን ሲመጣ እኔንም አትጠብቂ፣ ሐብቴንም አትጠብቂ።»

«ሐብቴ ቢቆጣስ?»

«አባትህ ነው የሰጠኝ በይው። ሲመጣ ቦታውን አንቺ ታሳዪዋለሽ።»

ከዚያ ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም መጥተው የበርበሬውን ዋጋ ባንክ አስገቡ፤ የጣት አሻራቸውን ሲያኖሩም አጠገባቸው ነበርሁ። ብዙው ገንዘብ ባንክ ይሁን፤ እዚያ ሌባም አይጥም አይደርስበትም። ለመኪናና ለመድኃኒት የሚበቃው ግን ቤት ይደር፤ ሕመም የሥራ ሰዓት አይጠብቅም። ቦታውንም ባልም ሚስትም ይወቁት። እኔም የዚያን ዕለት ለእህተ ማርያም ጥቂት ብር ወስጄ ሰጠኋት። ተቀብላኝ፣ «ከማን ሰምተህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ከእሷ እንዳልሰማሁ ታውቃለችና።

ያምሮትን ምጥ የያዛት ያለ ጊዜዋ፣ እሑድ ቀን፣ አማቷ ግሽ ዓባይ ሳሉ ነው። ባለመኪናው አስቀድማችሁ ክፈሉ አለ። እሷም ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለችው። ሕፃኗ በእግሯ መጥታ ነበርና የፍኖተ ሰላም ሐኪሞች እናቲቱ ትንሽ ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር አሉ።

በሚያዝያ ልጅቱ ክርስትና ስትነሣ ተጠርቼ ሄድሁ። ሐብቴ ከመተማ ተመልሶ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ያምሮትም ልጇን አዝላ ጠላ ትቀዳለች። አያ መልካሙ አጠገቤ ተቀምጠው ማንቆርቆሪያውን በዓይናቸው ይከተላሉ።

«እንኳን ደስ አለዎት አያ» አልኋቸው።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን። ደስ ብሎኛል፤ እግዜር ያየዋል፣ ደስ ብሎኛል» አሉ። ዋንጫዬን በእጃቸው አቀኑልኝ። «አንድ ቃል ነበር እኮ ልጄ። አንድ ቃል ብነግራት ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ጠላ የምትቀዳልህ ፋናዬ ነበረች።»