ሁለተኛው ታንከር

(አሶሳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ብየዳ ቤት። አስካለ የፒክአፕ ሹፌሩ የይርዳው ሚስት ናት፤ በያጁን ጋሽ ዳምጠውን ከባሏ መኪና ሥር ሲወጡ አግኝታቸዋለች።)

አስካለ፦ አይበይዱት እያልኩ፣ ጋሼ! በልጆችዎ!

ዳምጠው፦ አልቋል እኮ። ተበይዷል፣ ታስሯል።

አስካለ፦ ይፍቱታ!

ዳምጠው፦ ባልሽ ያሠራውን አንቺ ስላልሽ ፈትቼ ምን ልበለው? በያጅ ነኝ እንጂ የቤታችሁ ሽማግሌ አይደለሁም።

አስካለ፦ በአንዱ የነዳጅ ታንከር ወንዙ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ያቺ ትንሽ ስለሆነች እኮ ነው እስከዛሬ ባል ያለኝ! ሁለት ከሞላ ወንዙን ተሻግሮ ወርቅ ቁፋሮው ጋ ነው የሚሄደው።

ዳምጠው፦ ስንቱ ሄዶ አልፎለት መጣ።

አስካለ፦ ወንድሜስ መጣ? መኪናውስ? እናቴ ዛሬም የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ደጅ ትወጣለች።

ዳምጠው፦ ነፍስ ይማር እንዳልልሽ፣ ቁርጡ አልታወቀ።

አስካለ፦ ይርዳው ይሄን ሁሉ ያውቃል። ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበታል።

ዳምጠው፦ እኔን እንኳ ወርቅ ብሎ አይደለም ያሠራኝ። «ሞልቼ እወጣለሁ፣ መንገድ ላይ ትቆምብኛለች፤ ነዳጅ ትጠጣለች» ነው ያለኝ። ሞተሩን አስፈተሽን፤ ምንም የለበትም።

አስካለ፦ ሞተሩማ ጤነኛ ነው።

ዳምጠው፦ አንቺ በምን አወቅሽ?

አስካለ፦ እኔ ነኝ የጠጣሁት።

ዳምጠው፦ ምን?

አስካለ፦ ምሳ በልቶ ጋደም ሲል በጎማ ቱቦ እየሳብኩ እቀዳበታለሁ። እንዳይርቅብኝ ብዬ ነው! አፌ ናፍጣ ናፍጣ ሲሸተው «ጥርሴን አሞኝ ተጉመጥምጬበት ነው» እለዋለሁ።

ዳምጠው፦ አይ አስካለ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። አንቺ ባትቀጂበት ይሄን ታንከር መች ያሠራ ነበር?

አስካለ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ብነግረው ተናዶ ይሄዳል። ዝም ብልም ይሄዳል። ጨነቀኝ ጋሼ! ቀዳዳ ይተዉበት፣ የመርፌ ታህል።

ዳምጠው፦ ከጭስ ማውጫው አጠገብ? በእሳት ልግደልልሽ?

አስካለ፦ ይቅር፣ ይቅር! ቆይ ግን… ማደያው ደርቋል አይደል? ሰልፉ ከተጀመረ ሰነበተ። በባዶ ታንከር የትም አይደርስም። እግዜር ለእኔ ብሎ ነው ያደረቀው።

ዳምጠው፦ የቀዳሽውን የት ደፋሽው?

አስካለ፦ ባገር ነዳጅ ጠፍቶ ይደፋል እንዴ? ኃጢአት አይደል? በጄሪካን አጠራቅሜ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ዳምጠው፦ አልጋ ሥር…

አስካለ፦ ምነው ጋሼ? ምን ሆኑ?

ዳምጠው፦ ቅድም እኔም «ማደያ የለ፣ በምን ልትሞላው ነው?» ብዬው ነበር።

አስካለ፦ እሺ፣ ምን አለ?

ዳምጠው፦ ሳቀ። «ሚስቴ አጠራቅማልኛለች» ብሎኝ፣ ጄሪካኖቹን ሊያመጣ ባጃጅ ይዞ ወደ ቤት ሄደ።