ከምንጣፌ ሥር

ዶሪን፣ እህቴ፣ እንዴት አደርሽ። እስቲ እጅሽን በአጥሩ ላይ ዘርጊልኝ። ዝኩኒ ነው፣ አትሽሺ። በነሐሴ ኦሃዮ ውስጥ በሩን ሳይቆልፍ የተኛ ሰው ጠዋት ደጁ ላይ ዝኩኒ ተከምሮ ያገኛል፤ ማን እንዳስቀመጠው አይጠየቅም። እኔ በበኩሌ ፊት ለፊት ነው የምሰጠው። ሰውን ከኋላው መንካት አልወድም... ታውቂኛለሽ።

እናትሽስ? ዳሌያቸው ዳነላቸው? በወሩ መጨረሻ አንቺ ጋ ሊጠቃለሉ ነው አልሽኝ። ጎሽ። እናት በዚያ ባለ አራት እግር መደገፊያዋ እየተራመደች ልጇ ቤት ስትገባ ከማየት የበለጠ ምን አለ? የቀረው የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ብቻ ነው። ቅዳሜ ሊጀምርልሽ ነው አሉ።

ያ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው። እጁ የተባረከ።

እሱን የጠቆምኩሽ እኔ ነኝ፣ አልክድም። ቤቴ መጥተሽ ወለሉን ስታይ "አርዲስ፣ መስታወት ነው እኮ" አላልሽም? ነው እንጂ። ከላይ ሲያዩት መስታወት፣ ውስጡን ለቄስ። ያን ቀን ከመታጠቢያ ቤቱ ምንጣፍ ላይ ንቅንቅ አለማለቴን አስተውለሻል? "ይቺ ሴትዮ እንደ ሐውልት የተተከለችው ምን ሆና ነው" ሳትዪ አልቀረሽም። እግሬን አሞኝ ነበር... እንበል።

ሰውዬው ዋጋ አይቀበልም። ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ከፍለሽው ቢሆን "ይሄ ምንድን ነው" ትይው ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ወንድምነት ብሎ ጉልበቱ እስኪላጥ ለተንበረከከልሽ ሰው ግን ምን ትይዋለሽ? ፓይ ትጋግሪለታለሽ። እኔ ሦስት ጋገርኩ። ሁለቱን ለምስጋና፣ ሦስተኛውን ለይቅርታ።

የምን ይቅርታ? ስለ ሥራው ጠየቅኩታ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት ነኝ። ረዥም ቃል ከመጣብኝ እንደ ኩሬ እዘለዋለሁ። ሥዕል ግን አነባለሁ። ከሴራሚኩ ሥር ከሚነጠፈው የሲሚንቶ ሰሌዳ ጋር የመጣ ወረቀት ነበር፤ አንድ እጅ ጥርስ ባለው የግንበኛ ማንካ እንጨቱ ላይ ማጣበቂያ ይቀባል፣ ሰሌዳው እርጥቡ ላይ ይተኛል፣ ከዚያ ብሎን፣ ከዚያ ሴራሚክ። እሱን ሳየው ሰሌዳውን በደረቁ ኮምፔርሳቶ ላይ ዘርግቶ ብሎኑን ይነዳል። "ወንድሜ፣ ከሥሩስ ማጣበቂያ አይገባም?" አልኩት። ቀና ብሎ በፍቅር አየኝ። "አርዲስ፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ነው፤ የትም አይሄድም። ሥዕሉ እኮ ማንበብ ለማይችሉ ነው" አለኝ።

እውነቱን ነው። ለእኔ ነበር የተሳለው።

አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይላሉ። እኔ ላላ አድርጌ ጠይቄ ምንም ሳልረዳ ቀረሁ። ጭራሽ ብሎኑን በሳህን ይዤ አቀብለው ጀመር፣ እንደ ሐኪም ረዳት። ቅልጥፍናውን ብታዪ ደግሞ... ሌላ ሰው ቢሆን ያቦካል፣ ይቀባል፣ ቀን ይፈጅበታል። እሱ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ከራት በፊት ሰሌዳውን ጨረሰ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለም? እሱ ሥሩን ዝም አለው። ውሃው ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል ብሎ ይሆናል።

የመጀመሪያው የበረዶ ወቅት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው፣ ጠዋት ጠዋት ከመታጠቢያ ገንዳው ስወርድ አንድ ነገር ቋ ማለት አመጣ። ጉልበቴ መሰለኝ። ሐኪም ቤት ሄድኩልሽ። ሐኪሙ እግሬን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ "ጉልበትሽ ደኅና ነው" አለኝ። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት የወለሏን ድምፅ ከገዛ አጥንቷ መለየት ሲያቅታት ምን ትባላለች? ሥሩ ባዶ የሆነ ሰሌዳ ነዋ፤ ስረግጠው ይወርዳል፣ ስለቀው ይነሳል። ቀጥሎ በሴራሚኮቹ መሐል ያለው ፉጋ ይፈረፈር ጀመር። ቀጥሎ ከበሩ እስከ ገንዳው አንዲት ስንጥቅ ወጣች። ደግሞ ቀጥ ያለች ናት። እሱ በውሃ ልክ እንኳ እንደዚያ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ አያውቅም።

ነገርሽው ወይ ነው የምትዪኝ? ምንጣፍ ገዛሁ። ወፍራም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ምሳ በኋላ ስሙ ሲነሳ ደግሞ ከሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ፣ መዳፌ እስኪቀላ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ጠርጥሮ ያጨበጨበስ ምን ይሆናል?

ለነገሩ ብቻዬን አይደለሁም። አንቺ ለሰፈሩ አዲስ ስለሆንሽ አላየሽ ይሆናል እንጂ፣ የዚህ መንገድ ሰው ምንጣፍ ይወዳል። ጥጉ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ሰማያዊ አላቸው። ፓስተሩ ቤት ሁለት ተደራርቧል። እንግዳ መታጠቢያ ቤቱን ልይ ሲል ከቤቱ ሰው አንዱ ቀድሞ ይገባና መሐሉ ላይ ይቆማል። ሰውዬው በደግነቱ የስንታችንን ቤት አለሰለሰው...

ትናንት ጋራዥሽ ተከፍቶ ሳልፍ ዓይኔ ገባ። ዓይን ነው፣ ምን ላድርገው። ሰሌዳዎቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል፣ ሴራሚኩ ተደርድሯል፣ ማጣበቂያው አንድ ከረጢት። ለላዩ ይበቃል። ለእኔም ለላዩ በቅቶ ነበር። ሁለተኛዋ ከረጢቴ ምድር ቤት ቀርታ፣ እርጥበት ስባ ድንጋይ ሆናለች፤ የበር መደገፊያ አድርጌያታለሁ። ከሠራልኝ ነገር ሁሉ የማይነቃነቀው እሷ ናት፣ እሷንም አልነካትም።

እንግዲህ እኔ የሰነጠቅኩት በእነዚህ በሁለት ሰፋፊ እግሮቼ ነው። የእናትሽ መደገፊያ ግን እግሩ አራት፣ ጫፉ ቀጭን፣ ክብደታቸው ሁሉ እሱ ላይ ነው። ምንጣፍ እንዳናነጥፍላቸው ደግሞ መደገፊያውን ጠልፎ ይጥላቸዋል። በዚያ ዳሌ... ብቻ እኔ ምን አውቃለሁ?

ዛሬ ጠዋት ዕቃ መደብር ሄጄ አንድ ከረጢት ማጣበቂያ ተሸክሜ ተመለስኩ። ለፓይ የሚሆን ዱቄት መስሎኝ ይሆናል፣ እንደኔ ካለች ሴት ምን ይጠበቃል። ጋራዥሽ በር ላይ አስቀምጫታለሁ። ላይዋ ላይ ያ ሥዕል ያለበት ወረቀት አለ፤ አራት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬው ነበር። "ማን አመጣው" ካለሽ "ማንበብ የማትችል አንዲት ሴት ናት፣ እስካሁን ሥዕሉን እያየች ነው" በይው። "ከሥሩ ሳይቀባ እናቴ አትረግጠውም" የምትለዋን ግን አንቺው ጨምሪባት። እኔ አፍ የለኝም፤ ማጨብጨብ ብቻ ነው የምችለው።

በይ ግቢ፣ ዝኩኒው እጅሽን አደከመው። ቅዳሜ ሲመጣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሳልጸልይለት ተኝቼ አላውቅም በይልኝ። እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ጉልበቱን ያጽናለት። ቀኑ ደርሶ ሲጠራውም በሰማይ ቤት አያሳጣው፤ ወለሉን ለእኔ እንዳነጠፈልኝ አድርጎ፣ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይቀንስ ያንጥፍለት። አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ።