ጭስ ማውጫው ላይ የተደፋው ማሰሮ

በእኛ ጊዜ ለጭስ መውጫ የሚሠራለት የለም፤ በሣር ክዳኑ እየተሹለከለከ ራሱ ይሄድ ነበር። ታዲያ ቆርቆሮ መጣና ያ ቀረ። አንተ የወልድያ ሰው፣ የእኛን የደጋውን ብርድ አታውቀውም። እና ልጄ ወርቅነሽ የብረት ምድጃ ከነጭስ ማውጫው አስመጥታ አስተከለች። «እማዬ፣ እንጨቱ ደረቅ ይሁን፤ የቧንቧውን አናት ማንም እንዳይነካው» አለችን። እኔ ሰማኋት። አባቷ፣ አያ ይመር፣ አልሰማም።

የሣር ቤታችን ሲፈርስ ጉልላት የነበረው ማሰሮ ጓዳ ተቀምጦ ነበር። እና አያ ይመር ቧንቧውን አየና «ቤት ያለ ጉልላት ራሱን እንዳልጠመጠመ ቄስ ነው» ብሎ ወጥቶ ደፋበት። እኔ አላየሁም። መቼ መሰለህ? ሽማግሌዎች ወርቅነሽን ሊጠይቁ በሚመጡበት ጧት። ታዲያ እሱ ከዚያ በፊት ደጋግሞ መልሷቸዋል፤ እሷ ደግሞ የላካቸውን ልጅ ወድዳዋለች። «እማዬ፣ ዛሬ ከመለሳቸው ሌላ ቤት ይሄዳሉ» ብላ እጄን ጨብጣ ይዛለች።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። «ተቀመጡ እንጂ» አላቸው። «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉት። ብርድ ነውና ምድጃውን ለኮስኩ። ጭሱ ወጣ፣ ወጣ፣ ማሰሮውን አገኘና ተመለሰ። ቤቱ ጨለመ። በሩን በረገድኩና «ውጡ፣ ጭስ ይገድላል» አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ እንባቸው እየወረደ፣ እንዲህ ነው ያሉት፦ «እህ... እሺ ሳንባል... እህህ... አንወጣም።»

«ኧረ ከቤቴ አስከሬን ልታስወጡ ነው» አለ አያ ይመር።

«ሙሽራም ይወጣል፣ አስከሬንም ይወጣል። ምርጫው የአንቱ ነው።»

ታዲያ እሱም ያስላል፣ እነሱም ያስላሉ። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ በኋላ «ሰጠሁ፤ በሉ ውጡልኝ» አለ። እየተጋፋን ወጣን። ደጅ የነበረችው ወርቅነሽ ውሃ ይዛ መጣች፤ ከሁላችን ዓይኗ ደረቅ የሆነችው እሷ ነበረች፣ ስትስቅ።

ትልቁ ሽማግሌ ፊታቸውን ታጥበው ቀና አሉና «አያ ይመር፣ ያ ምንድን ነው?» አሉ።

«ጉልላት።»

«አፍንጫውን ይዘውት በየት ይተንፍስ?»

ዛሬ አማቻችን ክረምት ሳይገባ ጣራ ይወጣል፤ ገመድ ላይ የታሰረ ቅጠል ቧንቧው ውስጥ እየሰደደ ጥላሸቱን ይጠርጋል። አያ ይመር ከታች ሆኖ «ያ ማሰሮ ባይኖር አሁንም ደጅ ትጠና ነበር» ይለዋል።

ልጁ ደግሞ ከላይ ሆኖ ምን ይለዋል መሰለህ? «አባባ፣ የወርቅነሽን ታናሽም ሊጠይቁ እየመጡ ነው አሉ፤ መልሼ ልድፋው?»