በስልኩ ውስጥ የታሰረችው ሚስት

ከቢቸና ወደ ሞጣ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ቄስ አጠገባቸው ያለችው ወጣት በስልኳ የምታየውን ተከታታይ ፊልም አይተው ጠየቋት።

“ልጄ፣ እነዚህ ምን ሆነው ነው የሚንገዳገዱት?”

“ሞተው የተነሡ ናቸው፣ አባ። ሰው ይነክሳሉ።”

“ፍትሐት አልተደረገላቸውም?”

“ፊልም እኮ ነው፣ አባ!” ብላ ሳቀች።

“ይቺስ ለምን ታሰረች?”

“የዚህ ሰውዬ ሚስት ናት፤ እሷም እንደነሱ ሆናበት ነው። ጥለሃት ሽሽ ቢሉት እንቢ አለ።”

“ምን ብሎ?”

“አንድ ቀን ታውቀኛለች ብሎ።”

ቄሱ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

“የእኔም ባለቤት ስሜን ከረሳችው ሁለት ዓመት ሆናት።”

“ውይ፣ አባ! ታዲያ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?”

“ጠዋት ጠዋት እነግራታለሁ። በይ አታቋርጪው፤ ታውቀው እንደሆን እንይ።”

እኔም ከኋላቸው አንገቴን አስግጌ ስልኩን ማየት ጀመርኩ።