ራሱ ጨረስኩ የሚል ተማሪ

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከኋላዬ ላፕቶፕ የታቀፈ ወጣትና አንድ መሪጌታ ያወራሉ።

«ምንድን ነው እምትጽፈው?»

«መመሪያ ነው፣ የኔታ። ኮድ የሚጽፍ ኤአይ ሥራውን የሚመዘግብበት ፕሮግራም አለ፤ አጠቃቀሙን ነው የማብራራው።»

«ለምን ይመዘግባል?»

«ካልመዘገበ የትናንቱን ይረሳዋል።»

«ይርሳ፤ ተማሪም ይረሳል። ሥራው ማለቁንስ ማን ያያል?»

«ራሱ ‹ተጠናቋል› ብሎ ምልክት ያደርጋል።»

«ራሱ? እኛ ዘንድ ተማሪ ድጓውን ዘለቅሁ ቢል፣ መምህሩ ፊት ቀርቦ ሳያሰማ ማን ያምነዋል?»

«ይኼ እኮ በጣም ፈጣን ነው፣ የኔታ።»

«ሲዋሽም ፈጥኖ ነዋ! ለሰነፍ ተማሪ ማኅተሙን አስይዛችሁት፣ ደግሞ መመሪያ ትጽፉለታላችሁ?»

ጠዋት ራሴ ጽፌ፣ ራሴ «ሁሉም ተጠናቋል» ብዬ የፈረምኩበትን የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ጉልበቴ ላይ ቀስ ብዬ ገለበጥኩት።